ቤት የእግዚአብሔር ነው፦ እንግድነት በካዛንቺስ

“እንግዳ”፣ “ነጋዴ” እና “መንገድ” የሚሉት ቃላት “ነገደ” ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጡ ሲሆኑ፣ ግሡ መጓዝንም መነገድንም አንድ ላይ ይዟል። ይህ የቃላት ዝምድና በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካዛንቺስ በሚባለው ሰፈር በዓይን የሚታይ ነው፤ ፔንሲዮን የሚባለው፣ ክፍል ለአዳር የሚያከራየው አነስተኛ ማረፊያ ቤት፣ ከክፍለ ሀገር ለጉዳይ የመጣውንም ከውጭ ለስብሰባ የመጣውንም እዚህ ሲያሳድር ኖሯል። በባሕር ወይም በሐይቅ ዳር ያረፈ እንግዳ ማለዳ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ካዛንቺስ ያደረው ግን በሩን ከፍቶ ሲወጣ የሚያገኘው ሰው ነው። ስለዚህ ባለቤት ማን ነው፣ እንግዳስ ማን ነው የሚለው የቆየ ጥያቄ ከዚህ ሰፈር ሆኖ ቢመረመር ያስኬዳል።

በገጠሩ ልማድ የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ “ቤቶች! የእግዚአብሔር እንግዳ” ብሎ ሲጣራ፣ ከውስጥ የሚመለስለት “ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ” የሚል ቃል ነው። ይህ መልስ የትሕትና ወግ ብቻ አይደለም፤ ተናጋሪው ቤቱ የሌላ መሆኑን፣ እርሱም ቀድሞ የገባ እንግዳ መሆኑን ይመሰክርበታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 7 ቀን ሥላሴ በአብርሃም ቤት የተስተናገዱበትን በዓል ስታከብር የምትተርከው ታሪክም እዚሁ ላይ ያርፋል፦ ሰይጣን ራሱን አቁስሎ በመንገድ ዳር ተቀምጦ “አብርሃም ደበደበኝ” እያለ መንገደኛውን ስለመለሰበት፣ አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አልቀምስም ብሎ ሦስት ቀን ጦሙን ዋለ። በዚህ ተረክ የተራበው እንግዳው ሳይሆን ባለቤቱ መሆኑ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ያው አብርሃም በዘፍጥረት ምዕራፍ 23 ሣራን የሚቀብርበት መሬት ሲለምን ራሱን መጻተኛ፣ ማለትም በሰው አገር የሚኖር ሰው፣ ብሎ ይጠራል።

በካዛንቺስ ግን ፔንሲዮን የገባ ሰው መታወቂያውን ያሳያል፣ ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል፣ ሂሳቡን አስቀድሞ ይከፍላል፣ ቁጥር የተጻፈበትን ቁልፍ ይቀበላል። ገንዘብ ከገባበት እንግድነቱ ቀርቶ ኪራይ ሆኗል የሚል ሙግት ሊነሳ ይችላል፤ ሙግቱ ግን እውነቱን በግማሽ ነው የያዘው። የተከፈለው ለአልጋውና ለሌሊቱ ነው፤ ማለዳ “እንዴት አደሩ?” ያለችው ሠራተኛም ሆነች መንገድ ሲጠየቅ ሥራውን ትቶ እስከ መታጠፊያው የሸኘው የሱቅ ልጅ ያደረጉት ነገር በደረሰኙ ላይ የለም፣ ሊኖርም አይችልም።

ሰፈሩ ራሱ ስሙን ያገኘው ሳይጋበዝ ከገባ እንግዳ ነው። “ካዛ” በጣልያንኛ ቤት ማለት ሲሆን፣ “ኢንቺስ” ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣልያን ተቋም ምሕፃረ ቃል ነው፤ ቤቶቹም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ለወራሪው ሹማምንት የታሰቡ ነበሩ። ወራሪው ሲወጣ ስሙ ቀረ፤ ነዋሪውም የባዕድ ተቋም ስም የሰፈሩ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ በአፉ አለሰለሰው። ኋላም በሰፈሩ አጠገብ የአፍሪካ አዳራሽ ተሠራ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ኮሪደር ልማት በተባለው የከተማ መልሶ ግንባታ ሳቢያ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲዛወሩ፣ “ሁላችንም በምድር እንግዶች ነን” የሚለው አነጋገር እንደ ማጽናኛ ሲነገር ይሰማ ነበር። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ለሌላው ሰው መነሣት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ግን ይጣመማል። ምድር የእግዚአብሔር እንደሆነች፣ ሰውም በእርሱ ዘንድ እንግዳ እንደሆነ የሚናገረው የዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ቁጥር 23 የሚገኘው ስለ ኢዮቤልዩ፣ ይኸውም በየ50 ዓመቱ ርስቱን ያጣ ሰው ወደ ርስቱ ስለሚመለስበት ዓመት፣ በተሰጠው ሕግ መካከል ነው። የሰው እንግድነት እዚያ የተነገረው ጠንካራው ደካማውን ለዘለዓለም እንዳይነቅል ነው። “ቤት የእግዚአብሔር ነው” የሚለውን ቃልም ቢሆን ከውስጥ ያለው ሰው በሩን ሲከፍት ይናገረዋል እንጂ ከደጅ የቆመው ባለቤቱን ለማስወጣት አይናገረውም።

ከሰፈር የተነሣ ሰው ከጣሪያና ከግድግዳ ሌላ የሚያጣው አለ። እድር፣ ማለትም ጎረቤት በየወሩ እያዋጣ ሐዘን የሚረዳዳበት ማኅበር፣ ድንኳኑን የሚተክለው በሟቹ ደጅ ነው፤ አባላቱ በየአቅጣጫው ሲበተኑ ለቀስተኛውን ተቀብሎ የሚያስቀምጠው፣ ንፍሮ የሚያዞረው፣ ውኃ የሚቀዳው ጎረቤት አብሮ ይበተናል። ጥር 15 ቀን ለቅዱስ ቂርቆስ ዓመታዊ ንግሥ ከዳርቻው የሚመጣ የቀድሞ ነዋሪ ዋዜማውን ቆሞ ሌሊቱ ቢገፋበት፣ ቀድሞ ሲያልፍበት ውስጡን አይቶት በማያውቀው ፔንሲዮን ያድር ይሆናል፤ መዝገብ የያዘው ልጅም እንደማንኛውም እንግዳ ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል።