መሬቱን ሳታውቂ አበባ አትምረጪ

ልጄ፣ የላንድስኬፕና የአትክልት ቦታ ዲዛይን ሙያ ልትማሪ ማሰብሽን ሰማሁ። እናትሽም «እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ያስተማርኳት ዘበኛ የሚሠራውን እንድትሠራ ነው?» ብላ ተቆጥታለች አሉ። አልፈርድባትም። በእኛ ከተማ አትክልት የሚያጠጣው ዘበኛው ነው፤ ዛፍ የሚገርዘውም መጥረቢያ ያገኘ ሁሉ። ሙያው የተናቀው ባለሙያ አጥቶ ነው እንጂ ቀሎ አይደለም። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ሲባል አትክልትን ለይቶ ያስቀረ የለም።

እንጀራ ይወጣዋል ወይ ካልሽ፣ ይወጣዋል። በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ፣ በ2013 እንጦጦ ፓርክ ተከፈቱ፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የአዲስ አበባ መንገድ ዳር ሳርና አበባ ለብሷል። ሆቴሉም ሪል ስቴቱም ግቢዬን አሳምሩልኝ ባይ ሆኗል። ችግሩ፣ ብዙ ደንበኛ ሥራውን የሚፈልገው ለምርቃት ቀን ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ደግሞ ሲሮጡ ይፈታል። በሐምሌ የተተከለ ምኑ ይደርቃል? ከሰኔ እስከ መስከረም የሚያጠጣው ሰማዩ ነው። አንቺ የምትመዘኚው በጥርና በየካቲት ነው፤ መሬቱ ሲደርቅ፣ ውርጩ ቅጠል ሲያቃጥል፣ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲሆን።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትገቢ መጀመሪያ መሬቱን እወቂ። እኔ በሕንፃ ሥራ ላይ በካቦነት ያረጀሁ ሰው ነኝና ስለ አፈር ትንሽ ላውራ፤ አበባውን መምህራኑ ያስተምሩሻል። በእንጦጦ በኩል ቀይ አፈር ታገኛለሽ፤ ወደ ቦሌና አቃቂ ስትወርጂ ጥቁሩ ኮትቻ ይበዛል። አንድ እፍኝ አንሺ፣ በትንሽ ውሃ አርጥቢው፣ በመዳፍሽ መሐል እያሸሽ አርዝሚው። ጥቁሩ ሳይበጠስ ከረዘመ ኮትቻ ነው፤ በክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያነጠፍሽውን ድንጋይ ያነሣዋል። ከተበታተነብሽ አሸዋ አለበት፤ ውሃ ያሳልፋል እንጂ አይዝም። ቀጥለሽ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ አስቆፍሪና ውሃ ሙዪው፤ በማግስቱ ጠዋት እዪው። ውሃው ቆሞ ካደረ እዚያ ላይ ወይራም ጽድም አትትከዪ፣ ሥራቸው ይበሰብሳል። ወይ ማስወጫ ቦይ ሥሪ፣ ወይ መደቡን ከፍ አድርጊ።

የዝናብ ውሃም ከቤቱ መሸሽ አለበት። ለንጣፍ በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል፤ 5 ሜትር ስትርቂ 10 ሴንቲ ወረደ ማለት ነው። ይህን ለማውጣት ውድ መሣሪያ አያሻም። ውስጡ የሚታይ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ ሁለት ሆናችሁ ጫፍና ጫፉን ያዙት፤ ውሃው አይዋሽም። ማዕዘን ሲያስፈልግሽ በገመድ 3፣ 4 እና 5 ሜትር ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ዘርጊ፤ ሦስቱና አራቱ የሚገናኙበት ጥግ ልክ ማዕዘን ይሆንልሻል። ይህን የማያውቅ ዲፕሎማ ያለው ሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

ሳርን በተመለከተ ሒሳብ ውደጂ። በ1 ካሬ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ነው። ሳሩ በበጋ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢፈልግ፣ የ100 ካሬ ግቢ 400 ሊትር፣ ማለትም ሁለት በርሜል በየቀኑ ይጠጣል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚመጣለት ሰው ይህን ሳትነግሪ ግቢውን በሙሉ ሳር ካለበስሽለት፣ በየካቲት ስምሽን የሚያነሣው ለምስጋና አይደለም።

ሥዕሉ ላይ ሰነፍ አትሁኚ፤ ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል፣ ደንበኛም መጀመሪያ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ኮምፒውተሩ ይደርሳል፣ በእጅሽ መሣል ልመጂ። በ1 ለ100 መጠን 1 ሴንቲ ሜትር 1 ሜትር ነው፤ 12 ሜትር አጥር 12 ሴንቲ መስመር ይሆናል። ዛፍን ግን በዛሬ ችግኝነቱ ልክ እንዳትከቢው፤ ሲያድግ በሚይዘው ስፋት ክበቢው። ዝግባ አድጎ ከ20 ሜትር በላይ የሚወጣ ዛፍ ነው። አጥር ጥግ ተክሎት ከጎረቤቱ ቀበሌ ለቀበሌ የተካሰሰ ሰው አውቃለሁ።

ተክል ለማወቅ መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም። ባሕር ዛፍን እንኳ በምኒልክ ዘመን ከውጭ አስመጣን፤ የራሳችንን ኮሶ፣ ዋንዛና ብሳና በስም የሚለይ ወጣት ግን አጣን። ጉለሌ እጽዋት ማዕከል 705 ሄክታር ነው፣ ደብተርሽን ይዘሽ በክረምትም በበጋም ሂጂ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ያው ትምህርት ቤት ነው። ከችግኝ ጣቢያ ስትገዢ ቁመቱ አያታልልሽ፤ ፕላስቲኩን ከታች ቀደድ አድርጊና ሥሩን እዪ። ዞሮ ዞሮ ከተጠማዘዘ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ከርሟል ማለት ነው፤ ቢተከልም አያምርበትም። ስትተክዪ ደግሞ ፕላስቲኩን አውልቂ። ይህን መናገሬ አይግረምሽ፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ስንቱን አስነቅያለሁ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ። ከመመዝገብሽ በፊት ግቢውን ዙሪ። ሠልጣኝ በተግባር የሚቆፍርበት መደብ፣ የራሱ ችግኝ ጣቢያ፣ የሚሠራ ውሃ ልክ ከሌለው፣ የግድግዳው ሥዕል አያባብልሽ። ለትብብር ሥልጠና የት እንደሚልኩሽ ጠይቂ፤ ድርጅቱ ቡና አፍዪ የሚልሽ ከሆነ አስለውጪ። የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን፣ ሳታልፊ አትቅሪ፤ ጨረታ ላይ ወረቀት ይጠይቃሉ። ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ምዘናው ላይ ዶማ አያያዝሽ ሳይቀር ይታያል።

ፕሮፎርማ መስጠት ስትጀምሪ ተከላውንና እንክብካቤውን ለይተሽ ዋጋ አውጪ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋ የሚያደርስ እንክብካቤ። ደንበኛው «ዘበኛው ያጠጣዋል» ይልሻል። አትሳቂ፣ አትቆጪም፤ ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል። ዘበኛውን ጥሪና በምን ሰዓት፣ ስንት ባልዲ እንደሆነ በደንበኛው ፊት አስረጂው፣ በጽሑፍም ስጪው።

እናትሽን ለእኔ ተያት፤ እሑድ መጥቼ አነጋግራታለሁ። አንቺ እስከዚያ የ5 ሜትር ሜትርና ጠንካራ ጫማ ግዢ፤ ገንዘቡን በወንድምሽ ልኬልሻለሁ።