የፈራ ልጅ ሁሉ የታረመ ነውን?

በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ እኛም ሰንበት በሰንበት ሕፃናትን በምናስተምርበት አዳራሽ ዘወትር የሚያጋጥም ነው። አንድ ሕፃን በክፍል ውስጥ ሲረብሽ፣ ጓደኛውን ሲመታ፣ ሲዋሽ፣ አልታዘዝም ሲል መምህሩ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ልምጩን አይቶ ጸጥ ያለ ልጅስ በእውነት ታርሟል ወይስ ፈርቶ ብቻ ነው?

ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ “እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው፤ ታዲያ ምን ሆንን?” የሚል ነው። ይህ አባባል አንድ ነገር ይረሳል። “ምን ሆንን?” ብሎ ለመናገር የበቃው በትምህርቱ የጸናው ነው። ዱላውን ፈርቶ ከትምህርት ቤት የሸሸው፣ ከብት ጥበቃውን መርጦ በዚያው የቀረው ልጅ ግን ምን እንደሆነ ቆሞ የጠየቀው የለም። ስለዚህ ነገሩን በቀሩት ብቻ ሳይሆን በሄዱትም መመዘን ይገባል።

በሕግ በኩል ጉዳዩ ተቆርጦ ያለቀ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ሲዘረዝር፣ ሕፃን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳና ጭካኔ ካለበት ቅጣት ነፃ መሆን እንዳለበት ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሕጉ መምህሩን “አትምታ” ሲለው በዱላው ፈንታ ምን እንደሚይዝ አልነገረውም። በሀገራችን ለአንደኛ ደረጃ የተወሰነው ልክ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። ይህን ሁሉ ሕፃን ይዞ ብቻውን ለሚውል መምህር “ታገሥ” ብሎ መሄድ ቀላል ነው። ከባዱ እንዴት እንደሚታገሥ አብሮ ማሰብ ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። አባቶቻችን “ተግሣጽ” ሲሉ በግእዝ ማስተማርንም መምከርንም መቆጣትንም በአንድነት ማለታቸው ነው። ከጊዜ በኋላ ግን በአነጋገራችን ቁጣው ብቻ ቀርቶ ትምህርቱ ወደቀ። ምሳሌያዊ ንግግራችንም “ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” ይላል። ልብ በሉ፤ ምክሩ ሁለት ጊዜ ተደግሟል። በሦስተኛውም ቢሆን “አንተ መከራ ሁንበት” አላለንም። እኛ ግን ሁለቱን ምክር ዘለን መከራውን ራሳችን ለመሆን እንቸኩላለን።

ዱላን የሚደግፉ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሡት የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ነው። “ሊቁ ያሬድም እኮ ተገርፎ ነው የተማረው” ይላሉ። ትውፊቱን እስከ መጨረሻው ብንከተለው ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ ጌዴዎን በገረፉት ጊዜ፣ ግርፋቱ ያስከተለው ነገር ልጁን ከትምህርት ቤት ማስኮብለል ነበር። የመለሰው በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያያት ትል ናት። ትሏ እየወደቀች ደጋግማ ስትሞክር፣ በመጨረሻም ከዛፉ ላይ ስትወጣ ተመልክቶ፣ ተስፋ አለመቁረጥን ከእርስዋ ተማረ። ተመልሶም ይቅርታ ሲጠይቅ መምህሩ ተቀበሉት። እንግዲህ ያሬድን ያሬድ ያደረገው ልምጩ ነው ወይስ የትሏ ምሳሌና የተከፈተለት በር? መልሱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ከዚህ የሚቀርበን ምሳሌ ደግሞ በደጃችን አለ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ጀምሮ ታላቅ የትምህርት ቦታ ሆኖ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ አባቶች ተምረውበታል። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም ለትምህርት የመጣው ወደዚሁ ገዳም ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው ጊዮርጊስ ለብዙ ዓመታት ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ለገዳሙ እህል እየፈጨ ያገለግል ነበር። በዚያን ጊዜ “ይህ ልጅ አይረባም” ተብሎ ለዘለዓለም ቢባረር ኖሮ በኋላ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፈውን ሊቅ ባላገኘን ነበር። ገዳሙ ያልገባውን ተማሪ ሥራ ሰጠው፤ ቦታም አላሳጣውም። በእኛ ክፍል ውስጥስ “አይረባም” የተባለው ልጅ ምን ቦታ አለው?

አሁን ወደ ዛሬው ክፍል እንምጣ። ልጅ ያለ ምክንያት አይረብሽም። አንዱ ከአምባሰል ተራራ ግርጌ ረጅም መንገድ በእግሩ መጥቶ፣ ቁርስ ሳይቀምስ የተቀመጠ ነው። ሌላው ዓይኑ ሰሌዳውን አያይለትም፤ ስለዚህ ከጎኑ ያለውን ይነካካል። ሌላው ትምህርቱ ስላለፈው አፍሯል፤ ሰነፍ ከመባል ረባሽ መባል ይሻለዋል። ሌላዋ ደግሞ ትምህርቱን ቀድማ ጨርሳ ሥራ ፈታለች። በአራቱ ላይ የሚታየው ጥፋት አንድ ዓይነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን አራት ዓይነት ነው። ልምጭ ለአራቱም አንድ መልስ ስለሚሰጥ የአንዳቸውንም በሽታ አያገኝም።

በዚህ ላይ እኛ ደግሞ ሌላ ሸክም አለብን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ በደረሰ ጊዜ በአካባቢያችን ትምህርት ተቋርጦ ነበር። የተኩስ ድምፅ ሰምቶ የሸሸ ሕፃን ከወራት በኋላ ወደ ክፍል ሲመለስ፣ በር በኃይል ሲዘጋ ቢደነግጥ፣ ያለ ምክንያት ቢቆጣ ወይም ዝም ብሎ ቢቀር “ጠባዩ ተበላሸ” ማለት አይገባም። እንዲህ ላለው ልጅ የተነሣ እጅ ሌላ ማስፈራሪያ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ነገር ያጠኑ ሰዎች ምን አገኙ? አሜሪካዊው ጃኮብ ኩኒን የብዙ ክፍሎችን ውሎ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ክፍላቸው የሚሰምርላቸውና የሚረበሽባቸው መምህራን የሚለያዩት ልጅ ካጠፋ በኋላ በሚሰጡት ቅጣት አይደለም። የሚለያዩት ጥፋት ከመድረሱ በፊት በሚያደርጉት ነው። ጥሩው መምህር ዓይኑ በክፍሉ ሁሉ ላይ ነው፤ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ልጆቹን ሥራ አያስፈታም። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1968 ማድሰን፣ ቤከርና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ባደረጉት ሙከራ፣ ደንብ መንገር ብቻውን እምብዛም ለውጥ አላመጣም። መምህሩ መልካም የሠራውን ልጅ ማመስገንና ቀላሉን ረብሻ እንዳላየ ማለፍ ሲጀምር ግን የልጆቹ ጠባይ ተሻሻለ።

“ይህ የፈረንጅ ክፍል ነው፤ ለእኛ አይሠራም” የሚል ሰው ይኖራል። ለእርሱ የኡጋንዳን ነገር እንንገረው። በሉዌሮ አውራጃ በ42 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ግማሾቹ ያለ ዱላ ሥነ ሥርዓት ማስከበርን ለ18 ወር ያህል እንዲሠሩበት ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ተመታን ያሉት ተማሪዎች በሌሎቹ ትምህርት ቤቶች 49 ከመቶ ሲሆኑ በእነዚህ 31 ከመቶ ሆኑ። ዱላው ስለቀነሰ የልጆቹ የትምህርት ውጤት አልወረደም። 31 ከመቶ አሁንም ብዙ ነው፤ የቆየ ልማድ በአንድ ጊዜ እንደማይለቅም ያሳያል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ እናንሣ። “አንዱን ረባሽ ስታባብሉ ለአርባ ዘጠኙ ማን ይቆምላቸዋል?” የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። ፍቅር ማለት ልቅነት አይደለም። ሌሎች እንዳይማሩ የሚያደርግን ልጅ ዝም ብሎ ማየት ለእነርሱም ለእርሱም በደል ነው። ነገር ግን ዱላው ለአርባ ዘጠኙ ምን ይሰጣቸዋል? የጓደኛውን ደብተር የቀደደ ልጅ ቢገረፍ፣ ደብተሩ እንደተቀደደ ይቀራል፤ የተበደለው ልጅም የሚያገኘው ነገር የለም። ምናልባት “ጉልበት ያለው ሰው ሲናደድ ይመታል” የሚለውን ትምህርት ይማር ይሆናል።

ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ የወሎ ሕዝብ የራሱ መንገድ አለው። ሰው ከሰው ተጣልቶ ደም እንኳ ቢፈስ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድነት ተቀምጠው በአበጋር ያስታርቃሉ። በዚያ ጉባኤ ጥፋተኛው ጥፋቱን ያምናል፣ የበደለውን ይክሳል፣ ከተበዳዩም ጋር ይታረቃል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማኅበሩ ተመልሶ ከሰው ጋር ይኖራል። ለነፍሰ ገዳይ የፈቀድነውን የመመለስ መንገድ ደብተር ለቀደደ የስምንት ዓመት ሕፃን የምንነፍገው ስለ ምንድን ነው? ደብተር የቀደደው ልጅ የተቀደደውን ገጽ በእጁ ይገልብጥ፤ ለጓደኛውም ይስጥ፤ ይቅርታም ይበል። ይህ ከሦስት ልምጭ ይልቅ ይከብዳል፤ ለተበደለው ግን ይጠቅመዋል።

እንግዲህ በክፍል ውስጥ ልንሠራበት የምንችለውን ባጭሩ እንዘርዝር።

አንደኛ፤ ደንቡን ከልጆቹ ጋር ማውጣት። አራት ወይም አምስት ደንብ ይበቃል። ልጅ እርሱ ራሱ “ይሁን” ያለውን ደንብ ከተጫነበት ይልቅ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፤ የልጆቹን ስም ማወቅ። “አንተ ቀይ ሹራብ!” ተብሎ የሚጠራ ልጅ የሚያውቀው ሰው እንደሌለ ያስባል።

ሦስተኛ፤ ጥፋቱን ከልጁ መለየት። “ዋሸህ” ማለትና “ውሸታም” ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የሠራውን ይነግረዋል፤ ሁለተኛው ስም ያወጣለታል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በክፍል ውስጥ ግን ስም የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የመምህሩ ንዴት ነው።

አራተኛ፤ ለብቻ መምከር። በጓደኞቹ ፊት የተዋረደ ልጅ የሚያስበው ስለ ጥፋቱ ሳይሆን ስለ ውርደቱ ነው። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ለአምስት ደቂቃ አስቀርቶ “ምን ሆነህ ነው?” ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይገልጣል።

አምስተኛ፤ ሥራ መስጠት። ሰሌዳ የሚያጠፋው፣ ደብተር የሚሰበስበው ሁልጊዜ ጎበዙ ልጅ መሆን የለበትም። በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ መምህሩም ያግዘዋል። ረባሹን ልጅ ከእርሱ በታች ላለው ልጅ ፊደል እንዲያስቆጥር ብናደርገው፣ ተግቶ ሲያስተምር ልናየው እንችላለን።

ስድስተኛ፤ ነገሩ ከመምህሩ ሲያልፍ ወላጅን መጥራት። ወላጅ ሲጠራ ግን ለክስ ብቻ አይሁን። ልጁ መልካም የሠራ ዕለትም ለእናቱ መልእክት ቢላክላት፣ በክፉው ቀን ስትጠራ ጆሮዋን ትሰጣለች።

ሰባተኛ፤ መምህሩ የራሱን ቁጣ መጠበቅ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ልጆችን እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ፣ ወዲያው ወደ አባቶች ዞሮ ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ አዟል። እኛ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ለሕፃናቱ እናስተምራለን፤ ሁለተኛው ለእኛ መሆኑን ግን እንዘነጋለን። “ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ በትር ተናግሯል” ለሚለውም፣ በአካባቢያችን በትር የሚይዘውን እረኛ ይመልከት። እረኛ በበትሩ መንገድ ያሳያል፣ ጅብ ይከላከላል። በየርምጃው በጎቹን የሚደበድብ እረኛ ማታ ሲቆጥር ይጎድልበታል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከመካከላችን ነገ መምህራን የሚሆኑ አሉ፤ ዛሬም የሕፃናት ክፍል የምናስተምር አለን። የማረም ሥራ የሚለካው ልጁ መምህሩ በሌለበት ሰዓት በሚያደርገው ነው። ዱላ የሚሠራው ባለ ዱላው እስካለ ድረስ ነው፤ መምህሩ ከክፍል ሲወጣ ጫጫታው ወዲያው የሚነሣው ስለዚህ ነው። ልጁ “ይህ ነገር ጓደኛዬን ይጎዳዋል” ብሎ በራሱ እጁን የሰበሰበ ቀን ግን ታርሟል ማለት እንችላለን። ይህ በአንድ ሳምንት አይመጣም፤ ከልምጭም ይልቅ ጊዜ ይፈጃል፣ ያደክማልም።

ስለዚህ የሚመጣው ሰንበት ሕፃናቱ ሲሰበሰቡ ልምጩን ከደጅ ትተን እንግባ። ከክፍላችን አስቸጋሪ የምንለውን አንዱን ልጅ መርጠን ስሙን፣ የሚኖርበትን፣ ቁርስ በልቶ መምጣቱን እንጠይቀው። በሚቀጥለው ስብሰባችንም ያገኘነውን እንወያይበት።

ይቆየን።