ስንዝር አፈር

 

ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠመጠምበት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን በኹጥባ ስንሰማ ኖረናል። እኔ ግን ይህ ሲነገር ትዝ የሚሉኝ የጎረቤት ድንበር የሚገፉ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ራሴን አልቆጠርኩም።

እናቴ ላሊበላ አጠገብ፣ በላስታ ተዳፋት ላይ ማሳ አላት። አቅሟ ስለደከመ አንድ ጎረቤታችን በእኩል ያርሱታል። በየዓመቱ ድርሻችን በጆንያ አዲስ አበባ ይመጣል፤ አልሐምዱሊላህ ብለን እንበላለን። ታዲያ አንድ ሐምሌ ብሄድ እርከኑ የለም። ጎርፉ ማሳውን መሃል ለመሃል ቦርቡሮት ድንጋዩ ፈጥጧል።

«ምነው አባባ፣ እርከኑስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እርከኑ የአይጥ ቤት ሆነ። ባርሰው ደግሞ ሁለት ቁና ይጨምርልኛል። ካልጨመረ የእናትህ ድርሻና የኔ ቤት ጉሮሮ ከየት ይወጣል?»

መልስ አጣሁ። እርከኑን ያፈረሰው የሳቸው ሞፈር ብቻ አልነበረምና።

እናቴ ልጅ ሳለች ያ ተዳፋት የከብት መሰማሪያ ነበር። ሳሩ የዝናቡን ጉልበት ይቀበለዋል፤ ውሃውም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ቤተሰቡ ሲበዛ ታረሰ። ጤፍ ደግሞ መሬቱ ደጋግሞ ታርሶና ልሞ፣ ራቁቱን፣ ብርቱው ዝናብ በሚወርድበት ወቅት የሚዘራ እህል ነው። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ ይሄዳል፤ ለአፈሩ የሚመለስለት የለም። የተሸረሸረውን ተከዜ ይሸከመዋል፤ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ ውስጥም ከፊሉ ይተኛል። ደሴ አቅራቢያ ባለው በማይባር ጣቢያና በሌሎችም ቦታዎች የአፈርን መከላት ያጠኑት ሃንስ ሁርኒ፣ የአገራችን ደጋ እርሻ ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚያጣ ገምተው ነበር። 420 ኩንታል መሆኑ ነው! ከዚያው ሄክታር 20 ኩንታል ጤፍ ያፈሰ ገበሬ ዕድለኛ ይባላል።

አንዳንዶቻችን «ቀደር ነው» ብለን እናልፈዋለን። ቁርኣን ግን በየብስና በባሕር ለታየው ጥፋት ምክንያቱ የሰው እጅ ሥራ መሆኑን በሱረቱ ሩም ይነግረናል። እጅ ያጠፋውን እጅ እንደሚጠግነውም ማስረጃ አለን። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች ፎቶግራፍ አንስተው ነበር። ከ140 ዓመት ግድም በኋላ ተመራማሪዎች እዚያው ቦታ ቆመው ዳግም አነሱ። «ድሮ ደን ነበር» ለምንል ሰዎች የሚያስደነግጥ ነው፤ ተራራው ያኔም የተራቆተ ነበር። በብዙ ቦታ የዛሬው ይሻላል፤ እርከን ተሠርቷል፣ ዛፍ ተተክሏል።

እንግዲያ እኛ በላነው የምንለው እህል ውስጥ የማን ስንዝር አለ? ባለሀቁ ገና ያልተወለደ ልጅ ቢሆንስ? ከገጠር እህል የሚመጣላችሁ ወገኖቼ፣ የሚቀጥለው ጆንያ ሲደርስ ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለ እርከኑም ጠይቁ።

እናቴን አማከርኳት። «ሦስት ዓመት ድርሻዬን ይቅር፤ እርከኑን ይመልሱት» አለች። አባባም ኢንሻአላህ እንጀምራለን ብለዋል። የአይጡን ነገር ግን እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።