ከፍል ውኃ ገባ፦ የአንድ ብሂል አንድምታ

ንባቡ የእንግሊዞች ነው፤ «ከፍል ውኃ ገባ» ይላሉ። ተቸገረ ሲሉ ነው።

አንድም፦ በገዛ እጁ ጣጣ አመጣ ሲሉ ነው። ሐተታ፦ መከራ ሁሉ ፍል ውኃ አይባልም። አባቱ የሞተበትን፣ ድርቅ የመታውን እንዲህ አይሉትም። ግብር የደበቀ ነጋዴ፣ አፉ ያመለጠው ሹም በሕግ ወይም በአለቃው ሲጠየቅ ነው ከፍል ውኃ ገባ የሚሉት።

አንድም፦ ፍል ውኃ ፈውስ ነው። ይህ ለእኛ እንጂ ለእነርሱ ብሂል አይሆንም።

አንድም፦ ለፍርድ ቀረበ። ምነው ቢሉ፣ በአገራቸው ፍል ውኃ ዳኛ ነበርና። ታሪክ፦ በ10ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ አትልስታን ዘመን፣ የተከሰሰ ሰው ከሚፈላ ጋን ድንጋይ በእጁ ያወጣ ነበር፤ ክሱ ቢቀል እስከ አንጓው፣ ቢከብድ እስከ ክርኑ ይነክራል። እጁን ጠቅልለው ያትሙታል፤ በሦስተኛው ቀን ፈትተው ያዩታል። ቢሽር ንጹሕ፣ ቢመግል በደለኛ። ጌታ የተነሣበትን ሦስተኛ ቀን መግል መመርመሪያ አደረጉት! በእነርሱ አቆጣጠር በ1215 የላተራን ጉባኤ እስኪከለክል ድረስ ይህን የሚባርኩ ካህናት ነበሩ። ንጹሕስ ቢሆን ሥጋ ለባሽ አይደለምን? ሥጋ ይቃጠላል። ተአምር ያልተደረገለት ሁሉ በደለኛ ከተባለ ኢዮብን ምን ልንለው ነው? ወዳጆቹ ያሉትን ልንል ነውን? ዛሬም ጎረቤት ሲታሰር «ያለ ነገርማ አልተያዘም» የሚል ሰው ያንኑ ጋን ጥዷል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ቦ፦ ብሂሉ የወጣው ከንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሕግ ነው የሚል አለ። በ1531 የጳጳሱን የጆን ፊሸርን ወጥ ሠሪ ሪቻርድ ሩስን፣ መረዘ ብለው፣ ሸንጎ ሳይሰማው ስሚዝፊልድ ላይ ቀቅለውታል። ሕጉ በ1547 ተሻረ። ብሂሉ ከዚያ ለመውጣቱ ግን ማስረጃ የለም።

አንድም፦ ከፍል ውኃ የገባ ከእናቱ ጋር ከሚፈላው ጋን የተጣለው ቅዱስ ቂርቆስ ነው። ሐምሌ 19 የምናከብረው ይህንኑ ነው፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ምን ጣጣ አመጣ? የጋኑ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ሲያስገመግም ቅድስት ኢየሉጣ ፈራች፤ ልጅዋ ጸለየላት፣ አጸናት፤ መልአኩ ገብርኤልም ውኃውን አቀዘቀዘው። በአጥቢያችን ሥዕል እሳቱ ከጋኑ በታች ቀልቷል፤ ሕፃኑ ግን ወደ እሳቱ አያይም፣ እጁ የእናቱን ነጠላ ይዟል።