የማይመለስ ኪሳራ

በልማት ጉዳይ ላይ በሚደረጉ ውይይቶች «መጀመሪያ እንደግ፤ ጽዳቱ ኋላ ይደርሳል» የሚል አባባል ደጋግሞ ይሰማል። ሐሳቡን አልንቀውም። የሚበላው ላጣ ሰው የጭስ ማጣሪያ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። የለንደኑ ቴምዝ ወንዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ሕይወት አልባ እስከመባል ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ዓሣ ይኖርበታል።

ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ ብክለት ሁሉ እንደ ወንዝ ይጸዳልን?

የእርሳስን ታሪክ እንመልከት። እርሳስ ስል ተማሪ የሚጽፍበትን ሳይሆን በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት ማለቴ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1923 አሜሪካ ውስጥ ሞተር እንዳያንኳኳ የሚያደርግ፣ እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ለገበያ ቀረበ። ሐኪሞች ገና ከጅምሩ ቢያስጠነቅቁም ርካሽና ትርፋማ ስለነበር ዓለምን አዳረሰ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች የተገላገሉት በ2006 መግቢያ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ አልጄሪያ ያቆመችው በ2021 ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ከመኪና ጭስ የወጣው እርሳስ በአየርና በአፈር በኩል ወደ ሕፃናት ሰውነት ገብቷል። እርሳስ በማደግ ላይ ያለን አንጎል ይጎዳል፤ የመማርና የማስተዋል ችሎታን ይቀንሳል፤ የደረሰው ጉዳትም አይመለስም። ከቤንዚን ቢወጣም በባትሪና በቀለም ውስጥ አሁንም አለ። ዩኒሴፍ በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕፃናት ከሦስቱ አንዱ፣ እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱት ማለት ነው፣ በደማቸው ውስጥ አሳሳቢ መጠን ያለው እርሳስ እንዳለ ገልጿል።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የሰውን እውቀት፣ ክህሎትና ጤና «የሰው ካፒታል» ይሉታል። የዓለም ባንክ በ2020 ባወጣው መለኪያ መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ የሚወለድ ሕፃን፣ የተሟላ ትምህርትና ጤና ቢያገኝ ሊኖረው ከሚችለው የምርታማነት አቅም 38 በመቶውን ብቻ ይዞ ያድጋል። እንግዲህ ከዚህ ላይ የምናባክነው ምን ተርፎን ነው? የፋብሪካው ምርት በዓመቱ ሒሳብ እድገት ተብሎ ይመዘገባል። የሕፃኑ የተቀነሰ አእምሮ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ ወጪ ተብሎ አይጻፍም።

የፊቅህ ሊቃውንት ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት ይቀድማል የሚል መርህ አላቸው። ለእኔ መርሁ ከምንም በላይ የሚሠራው ጉዳቱ በማይመለስበት፣ ተጎጂውም ባልተጠየቀበት ቦታ ነው። የልጁን ዓይን ሸጦ ለልጁ ቤት የሠራ አባት፣ ቤቱ ምንም ቢያምር፣ አሳደገው አይባልም። ልጅ አማና ነውና።

ስለዚህ ኋላ ሊጸዳ በሚችለው ላይ እንከራከር፤ በጀትም እንመድብለት። የማይመለሰው ግን ለነገ አይባልም። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ በ2018 አውጥታለች፤ የቀረው ደንቡን ሱቅ ድረስ ማድረስ ነው። አሮጌ ባትሪ ፈልጦ እርሳስ የሚያቀልጥ ሰውም ልጆቹን ለማብላት የሚደክም ነውና ማባረሩ ብቻ አይበቃም። ከመኖሪያ ቤት የራቀ የሥራ ቦታና መከላከያ ሊያገኝ ይገባል። ከጭሱ አጠገብ የሚጫወቱት የእርሱው ልጆች ናቸውና።