የጋራ ግዴታ የማን ዕዳ ነው?



ሱሉልታን የሚያውቅ ሰው ሜዳዋን ያውቃል። ከእንጦጦ ጀርባ ሲወርዱ የሚቀበለው ያ ሰፊ ሜዳ በበጋ የከብትና የፈረስ መዋያ፣ በክረምት ደግሞ ውኃ የሚተኛበት ነው። እኔ በምኖርበት መንደር አንድ የውኃ መውረጃ ቦይ አለ። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ውኃው ከቦዩ ወጥቶ ቤታችን ገባ። አልሐምዱሊላህ፣ የሰው ሕይወት አላለፈም። ነገር ግን የአንዲት ባልቴት ጎረቤታችን የዓመት ቀለብ የነበረው ሁለት ጆንያ እህል ረጥቦ ሻገተ።

ጠዋት የእድሩ ሰዎች ተሰበሰብን። ቦዩ በአፈርና በፕላስቲክ መደፈኑን ከግንቦት ጀምሮ ያላየ አልነበረም። እድሩ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ያስጠርገዋል ብሎ ጠበቀ። ጽሕፈት ቤቱ መንገድ ሠሪው ተቋራጭ ይጥረገው አለ። ተቋራጩም ሥራው በውሌ ውስጥ የለም አለ። እኛም ተራ በተራ እየተነሣን አንዱን በሌላው ላይ ስናሳብብ አንድ አዛውንት ሐጂ፣ «እኔም አይቼው ነበር። ለሱብሒ ስወጣ በየቀኑ ተሻግሬው አልፋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አካፋ ይዤ አልመጣሁም» አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላውን ለመውቀስ አፉን የከፈተ የለም።

የመንደር ቦይ ወሬ የጋዜጣ ዓምድ የሚያሲዝ አይመስል ይሆናል። እኔን ግን ወደ አንድ ትልቅ ጥያቄ ወሰደኝ። በአገር ላይ ድርቅ ወይም ጎርፍ ሲመጣ መንግሥት አለ፤ ለጋሽ አገሮች አሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና የእርዳታ ማኅበራት አሉ። ሁሉም «ተቀናጅተን እየሠራን ነው» ይላሉ። ለመሆኑ አንድ ግዴታ በብዙዎች ትከሻ ላይ ሲያርፍ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀልለታልን?

ዑለማዎቻችን ግዴታን በሁለት ይከፍሉታል። ፈርዱል ዐይን እንደ ሶላት እያንዳንዱ ሰው ራሱ የሚፈጽመው ነው። ፈርዱል ኪፋያ ደግሞ በቂ ሰዎች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ የሚወርድ፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ዐውቆና ችሎ የተወ ሁሉ የሚጠየቅበት ነው። ጀናዛን ማጠብ፣ ሰግዶ መቅበር የዚህ ምሳሌ መሆኑን ልጅ አዋቂው ያውቃል። እንግዲህ ልብ እንበል። ይህ ግዴታ ለሺህ ሰው ቢካፈል እንደ ዳቦ እየተቆረሰ አያንስም፤ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ በሁሉም ላይ ሙሉውን ሆኖ ይቆያል። «ሌላው ይሠራዋል ብዬ ነው» የሚለው ምክንያትም ሥራው መያዙን ጠይቆ ለተረዳ ሰው እንጂ በግምት ለተቀመጠ ሰው አይሆንም።

ያለፈ ታሪካችንን በዚህ ሚዛን እንየው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቱ ዝም ካለ እኛ ምን አገባን ብለው አብረው ዝም አሉ። ከዚያ እልቂት በኋላ በ1966 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ይህ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. ድርቁ ስለመጠናከሩ ለለጋሾች ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እህል ጠየቀ። ለጋሾቹ ግን አኃዙን ተጠራጠሩ፤ ከአዲስ አበባው መንግሥት ጋር የነበራቸው የፖለቲካ ጠብም እጃቸውን ያዘው። መንግሥትም በበኩሉ መስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ ይል ነበር። ዓለም የነቃው በዚያው ዓመት ጥቅምት የኮረም ረሃብተኞች በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታዩ በኋላ ነው። ኮሚሽን ነበረ፤ ማስጠንቀቂያም ነበረ። የታጣው «ይህ በእኔ ላይ ነው» ብሎ ቀድሞ የሚነሣ ነው።

ይህን ስንል ምንም አልተማርንም ማለታችን አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የመጠባበቂያ እህል ክምችት ሊመሰገን የሚገባው አሠራር ነበረው። ለጋሹ እህል እልካለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ መርከቡ ወደብ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ረሃብ ግን መርከብ አይጠብቅም። ስለዚህ የእርዳታ ድርጅቱ በተገባው ቃል መሠረት እህሉን ከኮምቦልቻ ወይም ከናዝሬት መጋዘን ይበደርና ወዲያው ያድላል፤ መርከቡ ሲደርስ ብድሩን ይመልሳል። ማን ስንት እንደወሰደና መቼ እንደሚመልስ ተጽፎ ይታወቃል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ረሃቡ እስኪጮኽ ሳይጠብቅ፣ በየዓመቱ ቀለብ የሚያጥራቸውን ቤተሰቦች አስቀድሞ መዝግቦ የሚረዳ ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ባስፈለገው ጊዜ መንግሥት ለጋሾችን ሳይጠብቅ ከራሱ በጀት ቀድሞ እህል መግዛቱ፣ የ1977 ዓይነት እልቂት እንዳይደገም ረድቷል። የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ የሚያስተምረንስ ይህንኑ አይደለምን? ሕልሙን መፍታቱ ብቻውን ግብፅን አላተረፈም፤ በጥጋቡ ሰባት ዓመት ጎተራው በመሞላቱና እርሳቸውም ኃላፊነቱን በግልጽ በመውሰዳቸው ነው ሕዝብ የዳነው።

ፈተናው የመጣው ቃል ሰጪው እጁን የሰበሰበ ዕለት ነው። ሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ እርዳታው ከታለመለት ሕዝብ ውጭ እየተወሰደ ነው በሚል በመላ አገሪቱ የምግብ እደላውን አቆሙ። በሰፊው የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ጥር 2017 ላይ ደግሞ አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን አገደ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳይዛባ መጠንቀቅ ይገባል። የለጋሹ አገር ሕዝብ ገንዘብም አማና ነው። የረሃብተኛን እህል ሸጦ የሚበላ ሰው ሌባ ነው፤ ሊያዝና ሊቀጣ ይገባዋል። ነገር ግን ያ እህል ሲሸጥ ካርዷን ይዛ ተራ ስትጠብቅ የነበረችው እናት የሰረቀችው ምንድን ነው? በሌባው ጥፋት እርሷ ለምን ትራባለች? «ለጋሹ ስላቆመ ነው»፣ «መንግሥት ስላልተቆጣጠረ ነው» የሚለው ክርክር የሁለቱን ጥፋት ያስረዳ ይሆናል፤ የማንኛቸውንም ግዴታ ግን አያወርድም። በኪፋያ ሕግ አንዱ ተሸካሚ ሸክሙን ቢጥል ሸክሙ መሬት ላይ አይቀርም፤ በቀሩት ላይ ይመለሳል፤ ከሁሉ በፊትም ለችግረኛው በሚቀርበው ላይ።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲናን ድርቅ በመታ ጊዜ ያደረጉትን ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበውልናል። ለየአገሩ ሹሞቻቸው ጽፈው እህል በግመል አስጭነው አስመጡ። እርዳታ መጠየቃቸው ኃላፊነታቸውን ለሰጪው አላስተላለፈም። ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ እርሳቸው ቅቤና ሥጋ ተዉ። መሪ ረሃቡን የሌላ ሰው ጉዳይ እንዳያደርግ ከዚህ የበለጠ ማሰሪያ ምን አለ?

ቅርበት ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ተንዶ ሰዎች በተቀበሩ ጊዜ ጎረቤቶቻቸው ማንንም ሳይጠብቁ ሮጡ፤ በእጃቸውና ባገኙት መሣሪያ ቆፈሩ። ሲቆፍሩ ተራራው ዳግመኛ ተናደባቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱት ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ድርሻቸውን ተወጥተዋል። ጥያቄው የሚቀረው መሬቱን የሚያጠና ባለሙያ፣ ሕዝቡን ቀድሞ የሚያነሣ ሥልጣንና መሣሪያ የሚገዛ ገንዘብ ባላቸው ላይ ነው። ግዴታ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው በችሎታው ልክ ነውና፣ ሩቅ መሆን ከተጠያቂነት አያድንም።

እንግዲህ ቅንጅት የሚባለው ነገር መመዘን ያለበት በስብሰባው ብዛት አይደለም። አደጋው ከመምጣቱ በፊት የእያንዳንዱ ሥራ ባለቤት በስሙ ተጽፎ ይታወቃልን? እርሱ ቢያቅተው ማን እንደሚተካውስ ተጽፏልን? ይህ ያልተጻፈበት ቅንጅት፣ የእኛ መንደር ሰው ቦዩን ሲመለከት እንደከረመው ዓይነት ነው።

የእኛን ነገር ልጨርስ። እድሩ ለባልቴቷ እህሏን ተካላት። ለጽሕፈት ቤቱም ቀንና ፊርማ ያለው ደብዳቤ አስገብተን ግልባጩን ያዝን፤ ድርሻው የእርሱ ነውና አልማርነውም። ከዚያም «ደብዳቤው መልስ ባያገኝስ?» ተባለና፣ ግንቦት ሲገባ ቦዩን የሚያስጠርጉ የሦስት ሰዎች ስም በእድሩ መዝገብ ላይ ሠፈረ። የመጀመሪያውን ስም ያስመዘገቡት እኒያ ሐጂ ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ በአንተ ሰፈርስ የማን ስም ተጽፏል?

አላህ የተሸከምነውን አማና የምንወጣ ያድርገን። አሚን።