«ካልታዘልኩ አላምንም» ያለችውን ሙሽራ አስቢ

ልጄ፣ ከጓንዡ ዕቃ ማስመጣት መጀመርሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በዋጋ መከራከሩን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂበታለሽ። እኔ የምመክርሽ በምታምኚው ሰው ስም ስለሚመጣ ሌባ ነው። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይባል የለ? እዚህ ላይ ግን የሚጥልሽ ያመንሽው ሰው አይደለም፤ ስሙን የሰረቀው ነው።

አሠራሩን እወቂው። ሌባው አስቀድሞ የአንቺን ወይም የአቅራቢሽን የኢሜይል ይለፍ ቃል ያገኛል። ገብቶ ዝም ብሎ ያነባል፤ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። እንዴት እንደምትጠራሩ፣ ፕሮፎርማው መቼ እንደሚላክ፣ ባንኩ የውጭ ምንዛሪውን መቼ እንደሚፈቅድልሽ ያጠናል። ልክ ክፍያው ሲደርስ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፤ እባክዎ ወደዚህኛው ይላኩ» የሚል መልእክት ይመጣል። አርማው ያው፣ ማኅተሙ ያው፣ ፊርማውም ያው ነው። አድራሻው ላይ «ኤም» የሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል በነበረበት ቦታ «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው ተቀምጠው ይሆናል። «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» እንዲሉ፣ በስልክ ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ አይታይም። አንዳንዴም መልእክቱ የሚመጣው ከእውነተኛው አድራሻ ነው፤ ያን ጊዜ በዚያው ኢሜይል «እውነት ነው ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂ የሚመልስልሽ ሌባው ራሱ ነው። ከዚያ አንቺ «ከፍያለሁ» ትያለሽ፣ አቅራቢሽ «አልደረሰኝም» ይላል፣ ዕቃው ሳይጫን ይቀራል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

የሚታለለው ያልተማረ ሰው ብቻ አይምሰልሽ። ኤቫልዳስ ሪማሳውስካስ የሚባል የሊትዌኒያ ሰው፣ ኳንታ ኮምፒዩተር በሚባለው የታይዋን አምራች ስም ላትቪያ ውስጥ ድርጅት አስመዝግቦ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ድረስ ሐሰተኛ ደረሰኝ እየላከ ከጉግልና ከፌስቡክ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏል። ኒው ዮርክ ላይ የአምስት ዓመት እስራት የተፈረደበት በ2019 ነው። የኮምፒዩተሩ ዓለም ጌቶች ከተታለሉ እኛ እንዴት አንጠንቀቅ?

ልጄ፣ ልቤን የሚያሳስበኝ ግን ይሉኝታችን ነው። ሌባው ከኮምፒዩተር ይልቅ የሚያውቀው ጠባያችንን ነው። የሒሳብ ሠራተኛሽ በአንቺ ስም «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ አትደውል፣ ይህን ክፍያ አሁኑኑ ፈጽም፣ ለማንም አትናገር» የሚል መልእክት ቢደርሰው ምን ያደርጋል? አለቃን መጠየቅ እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት አገር፣ ጥሩ ሠራተኛ የሚባለው ዝም ብሎ የሚታዘዝ ነው፤ ሌባው የሚበላውም ያንኑ ታዛዥ ነው። ስለዚህ ሠራተኞችሽን ሰብስበሽ፣ «ገንዘብ የሚነካ ነገር በስሜ ከመጣ ደውላችሁ ጠይቁኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አልቆጣም» በያቸው። ደግሞም አትቆጪ! አንዴ የተቆጣሽው ሠራተኛ ዳግመኛ አይጠይቅሽም። ከፍ ያለ ክፍያ ደግሞ ሁለት ሰው ሳይፈርምበት አይውጣ።

ፊት አይቶ ማመንም ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሩፕ የሚባል ኩባንያ አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያ ኢሜይሉን ጠርጥሮት ነበር። በኋላ በቪዲዮ ስብሰባ አለቃውንና ባልደረቦቹን ሲያይ ጥርጣሬውን ጣለ። ከእሱ በቀር በስብሰባው የነበሩት ሁሉ በኮምፒዩተር የተሠሩ ምስሎች ነበሩ፤ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሄደ። እንግዲህ ሌላ ሰው የደወለልሽን ጥሪ አትመኚ። አንቺ ራስሽ፣ ከድሮ ጀምሮ በምታውቂው ቁጥር ደውዪ። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ይባላል፤ ሒሳብ ተቀየረ በተባልሽ ቁጥር ሙሽራዋን ሁኚ። «አሁኑኑ» የሚል ሰው ሲገጥምሽ ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን አትርሺ። ሐቀኛ አቅራቢ አንድ ቀን ብታስጠብቂው አይቀየምሽም።

የቴሌግራሙና የፌስቡኩም ያው ነው። አሜሪካ የምትኖረውን የአክስትሽን ፎቶ ወስደው በስሟ ገጽ ከፍተው «ተቸግሬያለሁ፣ ቶሎ ላኪልኝ» ቢሉሽ፣ ድምፅዋን ሳትሰሚ ብር አትላኪ። በስልክሽ የሚመጣውን የመግቢያ ኮድ ለማንም፣ ለእናትሽም ቢሆን አትንገሪ፤ ኮዱን የጠየቀሽ «እናትሽ» እናትሽ ላትሆን ትችላለችና። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ ክፈቺ፤ ለኢሜይልሽም እንዲሁ። በአንቺ ስም ሌላ ገጽ ተከፍቶ ካየሽ፣ በራስሽ ገጽ ላይ ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ ለመድረኩም አመልክቺ።

ከሆነብሽ ግን አትደብቂ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ድስቱ ተጥዶም የሚተርፍ ነገር ሊኖር ይችላል። በዚያው ሰዓት ለባንክሽ ደውለሽ ክፍያው እንዲታገድ ወይም እንዲመለስ ጠይቂ። ገንዘቡ ከሌባው ሒሳብ ሳይወጣ ከተደረሰበት ሊያዝ ይችላልና ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ኢሜይሎቹን አታጥፊ፤ ማስረጃሽ እነሱ ናቸው። ለፖሊስ አመልክቺ፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሰውን ማንነት ሰርቆ ማታለልን ያስቀጣል። «ሰው ምን ይለኛል» ብለሽ በሽታሽን ከደበቅሽ ግን፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሌባውም በዚያው ዘዴ ወደ ጎረቤትሽ ይሄዳል።

አሁን የመጀመሪያውን ውል ከፋይልሽ አውጪ። እዚያ ላይ ያለውን የአቅራቢሽን ስልክና የባንክ ሒሳብ ቁጥር በደብተር ገልብጪ፤ ከኢሜይሉ ግርጌ እንዳትወስጂ። ከዚያ በዚያው ስልክ ደውለሽ፣ «ሒሳባችሁ ቢቀየር በዚህ ቁጥር ሳንነጋገር አልከፍልም» ብለሽ ተስማሚ።